አንድ ስልክ ለአምስት ሶኬት

ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ከመቁጠር ጋር ጠብ የለኝም። ስቆጠር ግን ደሜ ይፈላል።

ይህን ከአባቴ ሳልወርሰው አልቀርም። አባቴ ከቡሬ ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬ ነው። ማታ ከብቶቹ በረት ሲገቡ በሩ ላይ ቆሞ በዓይኑ ይቃኛቸዋል፤ የጎደለ ካለ ወዲያው ያውቃል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ሲቆጥር ግን ሰምቼው አላውቅም። የቀበሌ ሰው መጥቶ «ስንት ከብት አለዎት?» ሲለው «እግዜር የሰጠኝን ያህል» ይልና ጠላ ያስቀዳለታል። የተቆጠረ ነገር ያልቃል ባይ ነው። የመሶቧን እንጀራ የምትቆጥር ሴት ናት ከተባለ ደግሞ፣ በእኛ አገር ያች ሴት ጎረቤት የላትም ማለት ነው። ቁጥር እያስተማርሁ ልኖር መሆኑን የነገርሁት ቀን «ይሁና፣ የሰው እስካልቆጠርሽ ድረስ» አለኝ። የሰው አልቆጠርሁም። የኔን ግን ቆጠሩብኝ።

ነገሩ የሆነው ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት ተደራጅ በተባለበት ዘመን፣ በዚያ መንግሥት ማብቂያ አካባቢ ነው። ለማያውቀው ልንገር። አምስት ሰው ለአንድ ሰው ይሰጣል፤ ያ አንዱ ጠርናፊ ይባላል። ጠርናፊው ማን እንዳረፈደ፣ ማን ከስብሰባ እንደቀረ፣ ማን ሻይ ቤት ተቀምጦ እንዳጉረመረመ ያውቃል፤ ያወቀውንም ወደ ላይ ያሳውቃል። ገበሬው አንድ ለአምስት፣ የቤት እመቤቷ አንድ ለአምስት፣ እኔ የማስተምርበት የፍኖተ ሰላም ትምህርት ቤትም አንድ ለአምስት። እኔ የማጉረመርመው ጠርናፊዬ ፊት ስለነበር ምስኪን የሚያሳውቀው አዲስ ነገር አያገኝም ነበር። ከዚያ ሁሉ ወጥቼ የምገባባት ቤቴ ነበረች። በሬን ዘግቼ ጫማዬን ሳወልቅ ማንም አያየኝም ብዬ አምን ነበር።

ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን መጀመሪያ ልበለው፤ ኋላ ስናደድ እረሳዋለሁና። መንገድ ሥራ ላይ ቀያሽ ነበር፤ በረሃ ወርዶ በካምፕ ይከርምና ወራት ቆይቶ ብቅ ይላል። ልጅ ገና አልወለድንም። ሲመጣ ቤቱ ይሞላል፤ የተሰበረውን ይጠግናል፤ የላላውን ያጠብቃል። ችግሩ ሲሄድም እጁን ከቤቱ ማንሳት አለመቻሉ ነው።

አንድ ጊዜ ከካምፕ ሲመለስ በፌስታል አምስት ነጫጭ ነገሮች ይዞ መጣ። ጓደኛው ከዱባይ ያመጣለት ነው። ሶኬት ላይ የሚሰካ ሌላ ሶኬት ነው፤ እቃውን እሱ ላይ ትሰኪያለሽ። እሱ ደግሞ ባለፈው ባሌ በቤት ስልካችን መስመር ላይ ካስገባት ከምትብለጨለጭ የዋይፋይ ሳጥን ጋር ይነጋገራል፤ ሳጥኗ ደግሞ የትም ቢሆን ከባሌ ስልክ ጋር ትነጋገራለች። ያች ሳጥን ስትገባ ለእኔ የተገዛች ስጦታ መስላኝ አቅፌ ስሜው ነበር።

«የትኛው እቃ ስንት መብራት እንደሚበላ እናውቃለን» አለኝ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ እየሰካ። አንዱን ለፍሪጁ፣ አንዱን ለምድጃው፣ አንዱን ለካውያው፣ አንዱን ለቴሌቪዥኑ፣ አንዱን ለውኃ ማሞቂያው።

«ካወቅን በኋላስ?»

«እንቆጥባለና!»

«አንድ ስልክ ለአምስት ሶኬት» አልሁት። «በቃ ቤታችንም ተደራጀ። ጠርናፊው አንተ ነሃ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያን ቀን ቀልድ ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ላይ ጠቅሞናል። ምድጃው ጅብ መሆኑን ያወቅነው ያኔ ነው። አንድ ቀን ካውያውን ሰክቼ ረስቼ ክፍል ገብቼ ሳስተምር እሱ ከበረሃ በስልኩ አጥፍቶልኛል፤ ቤቴ ሳይቃጠል የተረፈው በእሱ ነው። ይህንም አልክድም።

ከዚያ ግን ስልክ መደወል ጀመረ። ድሮም ይደውል ነበር፤ ድሮ የሚደውለው እንዴት እንደዋልሁ ለመጠየቅ ነው። አሁን እንዴት እንደዋልሁ ያውቃል። «ዛሬ ካውያውን ብዙ አቆየሽው፤ ምን ነበር የምትተኩሽው?» ይለኛል። «ቴሌቪዥኑ ሲበራ ዋለ፤ ትምህርት የለም እንዴ?» «ውኃ ማሞቂያው ከቀትር በኋላ ሠርቷል፤ ምነው በዚህ ሰዓት መታጠብ?» ሁሉንም የሚለው በሳቅ ነው፤ በሳቅ ያልተጀመረ ጭቅጭቅ መቼ አለ? ይባስ ብሎ መብራት በጠፋ ቁጥር አምስቱም ከስልኩ ላይ አብረው ይጠፋሉ። ያኔ ይደውላል።

«ምነው ነቀልሻቸው?»

«መብራት ጠፍቶ ነው።»

«የምር?»

በሉ ፍረዱኝ። የፍኖተ ሰላም መብራት መጥፋቱ ዜና ሆኖ ምስክር ልጥራለት? ጎረቤት ጠርቼ በስልክ «አዎ ጨለማ ነው» አሰኝቼለት አውቃለሁ። የከተማው ጨለማ እንኳ በእኔ ላይ ተቆጠረ።

ያም ሆኖ እችለው ነበር። ያልቻልሁት የፍሪጁን ነው። የፍሪጁን ነገር ለመናገር ደግሞ የኔታን ማስተዋወቅ አለብኝ።

የኔታ የቅኔ መምህር ናቸው። ጎጇቸው ከእኛ አጥር ማዶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ናት፤ ተማሪዎቻቸው ዙሪያዋን በትንንሽ ጎጆ ከብበዋት ይኖራሉ። ባሌ ሊያገባኝ ሲያስብ ቡሬ ድረስ ሽማግሌ ሆነው ሄደው አባቴን የለመኑለት እሳቸው ናቸው። አባቴ እሽ ያለው ለባሌ አይደለም፤ ለየኔታ አንደበት ነው። ባሌ ሶኬቶቹን ሰክቶ በረሃ ከተመለሰ በኋላ፣ አንድ ቀን ገበያ መሐል ግንብ ተደግፈው ላብ ሲያጠምቃቸው አገኘኋቸውና ባጃጅ ጠርቼ ሆስፒታል ወሰድኋቸው። ስኳር ነው ተባሉ። ጧትና ማታ የሚወጉት ኢንሱሊን ታዘዘላቸው። ሐኪሙ መድኃኒቱ ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ እንዳለበት ነግሯቸው «ፍሪጅ አለዎት?» ቢላቸው፣ «ጧፍ አለኝ» አሉት።

«እኔ አለኝ» አልሁ።

ከዚያ ጀምሮ ጠርሙሶቻቸው በእኔ ፍሪጅ በር ላይ፣ ከቲማቲም ድልህ አጠገብ፣ በጨርቅ ተጠቅልለው ይቀመጡ ጀመር። ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በጓሮ በር ይመጣሉ፤ ማታም እንዲሁ። ለሰው አትንገሪ ብለው አስማሉኝ። በሽታው አይደለም ያሳፈራቸው። ይህ መድኃኒት ከምግብ ጋር ነው የሚሄደው፤ ተወግቶ ያልበላ ሰው ይወድቃል። ታዲያ በዐቢይ ጾም፣ አገሩ ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፉን ዘግቶ በሚውልበት ጊዜ፣ የኔታ ጧት መብላት አለባቸው።

«የንስሐ አባቴ ፈቅደውልኛል» አሉኝ የመጀመሪያው ጧት፣ የሰጠኋቸውን ቂጣ በተልባ ይዘው ግድግዳ ግድግዳ እያዩ። «እኔ ግን ለራሴ አልፈቀድሁም።»

«በሽተኛ ነዎት እኮ የኔታ! ሕጉም ይፈቅዳል።»

«ሕጉንማ የማስተምረው እኔ ነኝ ልጄ። ተማሪ ግን ዓይን እንጂ ሕግ የለውም። ቁራሽ ለምኖ አኩፋዳው ሞልቶ ሳለ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚታገሥ ልጅ፣ መምህሩ ጧት ሲያላምጥ ካየ እኔን ይለቀኛል። ወይ ትምህርቱን ይለቃል።»

አልተስማማሁም። ግን ምሥጢሩ የሳቸው ነው፤ ጠብቂልኝ የተባልሁትን እጠብቃለሁ። ስለዚህ የጾሙን ጧቶች ሁሉ የአገሩ የቅኔ መምህር በእኔ ጓዳ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ቂጣ ይበሉ ነበር። ሲጨርሱ አፋቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ ጢማቸውን ደግመው ደጋግመው አራግፈው ይወጣሉ። ትልቅ ሰው ፍርፋሪ ሲደብቅ ማየት ልብ ይበላል።

ፍሪጅ ሲከፈት ውስጡ አንዲት አምፖል ትበራለች። ያች አምፖል የምትበላው መብራት ከቁጥር አይገባም። ስልኩ ግን ቆጠራት። በስልኩ ላይ የፍሪጁ መስመር ጋደም ብሎ ሲሄድ ጧት ላይ ጉብ ትላለች፤ ማታ ላይ ጉብ ትላለች። በየቀኑ፣ በዚያው ሰዓት። ባሌ የመሬት ጉብታ እየለካ የሚኖር ሰው ነው፤ ጉብታ አያመልጠውም።

«ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከፍሪጁ ምን ታወጫለሽ?» አለኝ አንድ ማታ። አሁን ሳቅ የለም።

«የሚወጣ ነገር።»

«ጾም ነው። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ። ምን አለ የሚወጣ?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርሁት።

«ደግሞ ሲከፈት ቶሎ አይዘጋም። አንች ፍሪጅ ከፍተሽ አትቆሚም፤ አውቅሻለሁ። ሌላ እጅ ነው። ማን ነው ጧትና ማታ ቤቴ የሚገባው?»

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። «የኔታ ናቸው፣ ስኳር አለባቸው» ብል በዚያው ያልቅ ነበር። ግን ማሃላዬ አለ። ከማሃላዬም በላይ ሌላ ነገር ነበረ። «ቤቴ» ያላት ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረች። ይህን ቤት ጠርጌ የምከፍተውና የምዘጋው እኔ፤ ጎረቤት በፋሲካ ሥጋውን፣ አራሷ ወተቷን የሚያመጡት ወደ እኔ። እንዴት ነው ገቢና ወጪውን በረሃ ለተቀመጠ ስልክ የማስመዘግበው?

«የምትጠረጥረኝ ከሆነ ጠርጥረኝ» አልሁት። «ስም ግን አልሰጥህም።»

«እንግዲያ ጥሩ» ብሎ ዘጋው።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከፍሪጁ ሥር ውኃ ወለሉ ላይ ተኝቷል። የመጋቢት ሙቀት እንኳን ሰው ድንጋይ ያቀልጣል። ሶኬቱ ላይ ያለችው መብራት ጠፍታለች። የጎረቤቱን አየሁ፤ መብራት አለ። ፍሪጁን ከፈትሁ፤ ጨለማ። ጠርሙሶቹን ዳሰስኋቸው፤ እንደ ሰው እጅ ሞቀዋል።

ያኔ የተሰማኝን በጨዋ ቃል መናገር አልችልም። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ሆስፒታል በረርሁ። ፋርማሲ ያለችው ልጅ አየት አደረገቻቸውና «ላንድ ቀን ምንም አይሉም» አለችኝ። «በዚህ ሙቀት ግን ከደጋገሙት ዋስ አልሆንም። ሌላ ደግሞ አሁን በእጃችን የለም።» መልሼ ጠቅልዬ ሮጥሁ። ቤት ገብቼ የሶኬቱን ቁልፍ ተጫንሁ። መብራቷ በራች፤ ፍሪጁ አጓራ።

ጠቅ። ጠፋ።

ተጫንሁ፤ በራ። ጠቅ፤ ጠፋ። ተጫንሁ። ጠቅ። እሱ ካምፕ ድንኳን ውስጥ፣ እኔ ፍኖተ ሰላም ውኃ ላይ ተንበርክኬ፣ አንዲት ቃል ሳንናገር በአንድ ፍሪጅ ተጣላን። ያን ያህል ርቀት ተሻግሮ ጣቱ ጣቴን ሲከለክለኝ ይታየኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ሳቄ መጣ፤ የንዴት ሳቅ። ሶኬቱን ከግድግዳው መነጨቅሁና ፍሪጁን በቀጥታ ሰካሁት። ከዚያ የምድጃውን ነቀልሁ። የካውያውን። የቴሌቪዥኑን። የማሞቂያውን ለመንቀል ወንበር ላይ መቆም ነበረብኝ፤ ቆምሁ። አምስቱንም በዚያው በመጡበት ፌስታል ከትቼ ቋጠርሁ።

ስልኬ ጮኸ።

«ምን አደረግሽ?»

«አንድ ለአምስቱን በተንሁት» አልሁት። «ከእንግዲህ የምትፈልገውን መጥተህ በዓይንህ እይ። በር አለኝ፤ ይንኳኳል።»

እመጣለሁ አለ። ሽማግሌም አስቀምጥብሻለሁ አለ። «አምጣ!» አልሁት።

ሊመጣ በነበረበት ቀን ጧት የኔታ እንደ ወትሯቸው በጓሮ በር ገቡ። ቂጣውን ሳቀርብላቸው አልነኩትም፤ ፊታቸው ላይ ሳቅም ሐዘንም አለ።

«ባልሽ ደወለልኝ» አሉኝ።

«ለእርስዎ?»

«ለእኔ። ‹የኔታ፣ አገናኝተውናልና ይድረሱልኝ፤ ጧትና ማታ ቤቴ የሚገባ ሰው አለ። ጎረቤት ነዎት፣ እስክመጣ ድረስ ይከታተሉልኝ› አለኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«ምን ልበለው? እየተከታተልሁት ነው አልሁት። ከዓይኔ ተሰውሮ አያውቅም አልሁት።»

ሁለታችንም ሳቅን። እሳቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «ዛሬ ሽማግሌ ሆኜ እቀመጣለሁ። ያን ጊዜ እናገራለሁ። ልጄ በእኔ ስኳር ትዳሯ አይመርም።»

«አይናገሩም!» አልሁ። ድምፄ ለራሴም በዛብኝ። «የኔታ፣ ይቆጡኝ እንጂ አይናገሩም። ዛሬ እርስዎ መስክረውልኝ ታመንሁ እንበል። ነገ የሚመሰክርልኝ መሪጌታ በሌለበት ማን ያምነኛል? እኔ በራሴ ቃል መታመን አለብኝ። ካልሆነ ደግሞ አልታመን!»

አዩኝ፤ ረዘም አድርገው። «አንች ያባትሽ ልጅ ነሽ» አሉኝ፤ ሌላ አልተናገሩም። ቂጣቸውን በሉ።

ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰብን። ባሌ ከነአቧራው ገብቷል፤ ከስቷል፤ ዓይኑን ሳየው አላሳዘነኝም ብል ውሸቴን ነው። ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው፤ የኔታና የዕድራችን ዳኛ። ዳኛው ቀጠን ያሉ፣ ምርኩዛቸውን በሁለት ጉልበታቸው መሐል አቁመው የሚሰሙ ሰው ናቸው። ባሌ ነገሩን አስረዳና ስልኩን ዘረጋላቸው።

ዳኛው ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት። «ይሄ ጮቄ ነው?»

«ተራራ አይደለም አባ። የፍሪጃችን መብራት ነው። ይችውልዎት፤ ይች ጉብ ያለችው ፍሪጁ ሲከፈት ነው። ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት። ይችም ማታ።»

«እና አንተ እዚያ በረሃ ሆነህ የቤትህን ደጅ በፍሪጅ ነው የምትጠብቅ?» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ እውነት ጧት ጧት የሚመጣ ሰው አለ?»

«አለ» አልሁ።

ባሌ ቀና አለ። ይህን አልጠበቀም ነበር።

«ማን ነው?»

«አልናገርም። የሚመጣው ችግር ያለበት ሰው ነው፤ የሚመጣውም እኔን አምኖ ነው። ያጠፋሁት ነገር የለም። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ እላለሁ፤ አልደግመውም። እኔን አምኖ የሚኖር ባል ካለኝ ይኑር። ስልኩን የሚያምን ከሆነ ስልኩን ያግባ።» ፌስታሉን አንስቼ እግሩ ሥር አስቀመጥሁለት። «ጥሎሽህ።»

ዳኛው ሳላቸውን ጀመሩ፤ ሳቅ ይሁን ሳል አልለየሁም። ባሌ አንገቱ ቀላ። «አያችሁ?» አላቸው። «ስሙን የማትናገረው ንጹሕ ነገር ቢሆን ነው?» ከዚያ ወደ የኔታ ዞረ። «የኔታ፣ ይከታተሉልኝ ብየዎት ነበር። ማንን አዩ?»

የኔታ ነጠላቸውን አስተካከሉ። እኔ ዓይናቸው ውስጥ ዓይኔን ተክዬ አይሆንም፣ አይሆንም እላለሁ። የቅኔ መምህር ናቸው፤ ነገር በሰም ሸፍነው ማለፍ ያውቁበታል፤ ያልፉታል ብዬም ተስፋ አድርጌ ነበር። እሳቸው ግን ተነሡ። ወደ ፍሪጁ ሄዱ፤ ከፈቱት። አምፖሏ ፊታቸው ላይ በራች። በጨርቅ የተጠቀለለውን አውጥተው፣ ቀስ ብለው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። አንድ ጠርሙስ፣ አንድ መርፌ።

«የምገባው እኔ ነኝ» አሉት። «ስኳር አለብኝ። ተወግቼ እዚያ ጓዳ ውስጥ በጾሙ ጧት ቂጣ እበላለሁ። ተማሪዎቼ እንዳያዩኝ ጀርባዬን ለመስኮት እሰጣለሁ። ፍሪጁን ከፍቼ የምቆመው ዓይኔ ደክሞ ጠርሙሱን ቶሎ ስለማላገኘው ነው። ባለፈው ያጠፋኸው የኔን መድኃኒት ነው።»

ፍሪጁን መልሰው ዘጉት።

«የኔ ልጅ» አሉት ደግሞ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «አንተ መብራት ቆጠርህ። እሷ እኔን ከሰው ቆጠረችኝ።»

ባሌ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ያዘ። ይቅር ይበሉኝ ይላል። እኔ አለቀስሁ፤ የደስታ እንዳይመስላችሁ። ተናድጄ ነው ያለቀስሁት። ያ ትልቅ ሰው በዕድር ዳኛ ፊት የጓዳ ቂጣቸውን መናዘዝ አልነበረባቸውም። እኔ ጥፋተኛ ላለመሆን የሳቸው ጥፋተኛ መምሰል ምን አመጣው? ነጻ ወጣሽ ተብዬ ነጻ አልወጣሁም፤ በምስክር ነው የተፈታሁት። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

«እኔን አይደለም» አሉት የኔታ ከጉልበታቸው ላይ እያነሡት። «ወደዚያ ነው።»

ወደዚያ የተባልሁት እኔ ነኝ። መጣና ፊቴ ቆመ። ዳኛው ምርኩዛቸውን አንሥተው «በይ እንግዲህ ልጄ፣ ይቅር በይ። እኛም ምርቃታችንን እንስጥና እንሂድ» አሉኝ።

«አባ፣ ምርቃቱን ለሌላ ቀን ያቆዩልኝ» አልሁ። «ይቅር የምልበት ቀን ሲደርስ እኔው ራሴ እጠራችኋለሁ። ጾሙም ገና ነው።»

ወይ ጉድ አሉ ዳኛው። የኔታ ግን ጢማቸው ውስጥ ፈገግ ሲሉ አይቻቸዋለሁ። ሽማግሌ ቁጭ አድርጋ ይቅርታ የነፈገች ሴት ተብዬ በሰፈሩ ተወርቶብኛል፤ ይወራ። ያን ቀን በሽማግሌ ፊት በትንሹ ብታረቅ ኖሮ ሌላ ጊዜ በትልቁ እቆጠር ነበር።

ባሌ ያን ማታ ቤት አደረ። ፌስታሉን ከእግሩ ሥር አንሥቶ የት እንዳደረሰው አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህ ቤቴ ውስጥ አላየሁትም።

ጎሕ ሲቀድ የጓሮው በር ተንኳኳ። ባሌ ነቅቶ ነበር፤ እኔም። እንደ ወትሮው ብድግ አላልሁም። ጋቢዬን እስከ አገጬ ሳብሁ።

«ተነሽ» አለኝ። «የኔታ መጡ።»

«ሰምቻለሁ።»

«በሩን አትከፍቺም?»

«ማን እንደሚገባ ስትጠይቅ አልከረምህም?» አልሁት። «ሂድ ክፈትና እይ። ጠርሙሱ ከድልሁ አጠገብ ነው። ቂጣው ምድጃው ዳር ነው፤ ሳይበሉ እንዳይወጡብህ። መስኮቱንም ዝጋላቸው።»

ከአልጋው ወረደ። ከዚያ ባዶ እግሩን ወጣ። በሩ ሲከፈት፣ የኔታ «እንደምን አደርህ ልጄ» ሲሉት ሰማሁ። ፍሪጁ ተከፈተ፤ ብርሃኑ በጓዳው መጋረጃ ሥር እስከ አልጋዬ እግር መጣ። ረዥም ጊዜ ሳይዘጋ ቆየ። ባሌም ጠርሙሱን ቶሎ አላገኘውም።